የአምና ቅጠል

የሱግና ሂና ፈዞ አያውቅም። ሱግና እኔ ነኝ። ከተማችን ሶጃት ውስጥ ይህን የማይል ሰው ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዲምፕል ናት። ወደ ዲምፕል እመለስባታለሁ።

በእኛ ከተማ ሂና የማይነካ እጅ የለም። ወንዱ ያርሰዋል፣ ሴቱ ያጭደዋል፣ ወፍጮ ቤቱ ቀን ከሌት ይፈጨዋል፣ ውሻው ሳይቀር አረንጓዴ አቧራ ለብሶ ይዞራል። ሙሽራ ፊት ቁጭ ብሎ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን የጣዎስና የሐረግ ሥዕል ማውረድ ግን የሁሉም አይደለም። እኔ ከእናቴ ነው የተማርኩት። ዱቄቱን በስስ ጨርቅ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ፣ በሎሚና በስኳር አቦካለሁ፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ አሳድረዋለሁ። እጅ ላይ ደርቆ ሲፋቅ ብርቱካን ይመስላል፤ በሁለተኛው ቀን ጉበት ይመስላል። ጉበት ካልመሰለ የእኔ አይደለም።

ደግሞ በእኛ ዘንድ መልኩ መልክ ብቻ አይደለም። የሙሽራዋ ሂና ከጠቆረ አማቷ ትወዳታለች ይባላል፤ ከፈዘዘ ወዮላት። እኔ አላምንበትም። ሂና የሚጠቁረው ቅጠሉ አዲስ ሲሆን፣ መዳፉም ሲሞቅ ነው፤ አማት ምን አገባት? ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስንቷን ልጅ እጅ ገልብጬ «አየሽ፣ አማትሽ ልትወድሽ ነው» ብያለሁ። ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ስለሚላቸውም ለእህታቸው ይጠሩኛል። እንደ ቀልድ ስለው ስለኖርኩ ነው መሰለኝ፣ አገር ምድሩ የምሩን እንደሚያምንበት የረሳሁት።

ዳፑ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ዳፑ ማለት «በቃን» ማለት ነው፤ አባቷ አራተኛ ሴት ልጅ ሲወለድበት ያወጣላት ስም ነው። ስሟ እንደዚያ ይሁን እንጂ እሷ ራሷ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው የወለደችው፣ ሊችማን፤ አልበቃቻትምም፣ አልጠገበቻትምም። የሊችማ ሠርግ አምስት ቀን ሲቀረው ዳፑ ቤቴ መጣች። እኔ ዱቄት እየነፋሁ ነበር። ሰላምታም ሳትሰጠኝ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ዘጭ አለች።

«ሱግና፣ አንድ ነገር አበላሺልኝ» አለችኝ።

«አበላሺልኝ? ሰው አሳምሪልኝ ነው የሚለኝ።»

«የሊችማን ሂና አፍዝዢልኝ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወንፊቱን አስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ኬማ ራም ወንድ ልጃቸውን የዳረው ከማዶ መንደር፣ ጋቭሪ ከምትባል ሴት ልጇን ወስዶ ነው፤ በምትኳ ሊችማን ለጋቭሪ ልጅ ለናርፓት ሊሰጥ። ልጅ በልጅ መለዋወጥ እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ማንንም አይገርምም። ናርፓት ግን ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ ስትቀዳ አዳልጧት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞተች ተባለ።

«በዚያ ቤት ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ሱግና» አለች ዳፑ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቧንቧ ያለው ቤት ምራት ጉድጓድ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ለባልሽ ንገሪው እንጂ።»

«ያልነገርኩት መሰለሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትናንት የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት እግሩ ላይ ወደቅሁ። እናት ናት፣ አንድ ነገር ይፈቀድላት አሉት። እኔም ምልክት ስጡኝ አልኩ፤ ሂናዋ ከፈዘዘ ልጄ አትሄድም አልኩ። ሳቀ። ጥምጥሙ ላይ እጁን አድርጎ ‹የሱግና ሂና ከፈዘዘ አልሰጥም› ብሎ ማለ። ሁሉም ሳቁ። ያንቺ ሂና እንደማይፈዝ ያውቃላ!»

እኛ ዘንድ ወንድ በሽማግሌ ፊት በጥምጥሙ ከማለ ማጠፍ የለም፤ ከማጠፍ ጥምጥሙን ፈትቶ ውሻ አንገት ላይ ቢያስር ይሻለዋል።

«ልጃቸውን ይወስዱባችኋል፤ ምራትሽን» አልኳት።

«ይውሰዷት። እሷ በእግሯ ነው የምትሄደው።»

ወንፊቱን መልሼ አነሳሁ። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ሊችማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም ነበር። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ፈዛዛ ሂና፣ በሙሉ መንደር ፊት፣ ከእኔ እጅ። ዳፑ ታውቀኛለች፤ ፊቴን አንብባ፣ «ስምሽ ከልጄ ይበልጣል?» አለችኝ።

«አይበልጥም» አልኳት። በአፌ።

ጓዳ ውስጥ አምና ዝናብ የገባበት አንድ ጆንያ ነበረኝ። ዱቄቱ ቡናማ ሆኗል፤ ለፍየል ቁስል እንጂ ለሌላ አይሆንም። ከዚያ እንደማቦካ እጇን ይዤ ማልኩላት። ዳፑ እንደ ልጅ አልቅሳ ሄደች።

ሂናው የሚቀባው ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ ነበር። ሊጥ የሞላሁባቸው ሁለት የላስቲክ ጥቅሎች ይዤ ሄድኩ፤ የአምናውን በነጭ ክር፣ አዲሱን በቀይ ክር አስሬ። አዲሱ ለሊችማ አክስቶችና ለጎረቤት ሴቶች ነው። ግቢው በሴት ሞልቷል፣ ከበሮው ይመታል፣ የሊችማን የወደፊት አማት በዘፈን እየሰደቡ ይስቃሉ። ሊችማ ቢጫ ለብሳ ትራስ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። እናቷ ምንም አልነገረቻትም፤ ሳቋ ያስፈነድቃል።

«አክስቴ፣ ስሙን በደንብ ደብቂልኝ» አለችኝ ቀኝ እጇን እየዘረጋች። ሙሽራው የራሱን ስም ከሐረጉ መሃል ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ተሸናፊ ነው። «ሲፈልግ ይንጋበት!»

«ዓይኑ እስኪጠፋ አስፈልገዋለሁ» አልኳት። «አትንቀሳቀሺ፣ ጣዎሱን አንካሳ ልታደርጊው ነው?»

ነጭ ክር ያለውን አነሳሁ። ቀኝ እጇን ጨረስኩ። ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ሥዕሉን ማበላሸት አልቻልኩም፣ አልሞከርኩምም። ዳፑ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም።

ከዚያ ዲምፕል መጣች። ዲምፕል ከፓሊ ከተማ የመጣች ሂና ቀቢ ናት፤ ሥዕሉን ከስልኳ እያየች ትገለብጣለች፣ ጥፍሯ ረጅም ነው፣ አፏ ከጥፍሯ ይረዝማል። የሙሽራው ቤት ስጦታ ይዘው ለመጡት ለራሱ ሴቶች ብሎ ነው የላካት። ሥራዋን ጨርሳ በአጠገባችን ስታልፍ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ የሊችማን ቀኝ እጅ አየች። የደህና ሂና ሊጥ አረንጓዴ ነው። ያልደረቀው የእኔ ሊጥ ቡናማ ነበር።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጮክ ብላ፣ «ይኼ ሂና ነው ወይስ የሻይ አተላ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ከበሮ መቺዋም ሳቀች።

«ለነገሩ ሰው ያረጃል፣ ቅጠሉም አብሮ ያረጃል» አለች ዲምፕል። «ሶጃት ሶጃት ሲሉ ምን አለ መስሎኝ ነበር። የሙሽራው እናት ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«አንቺ የስልክ ቅጂ!» አልኳት። «እናትሽ የእኔን ሂና ተቀብታ ነው ያገባችው።»

«ለዚያ ነዋ አባቴ የፈታት!»

አሁንማ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፊቴ ጋለ። ኩራት እራቷ ይሉኛል ሲያሙኝ፤ እውነታቸውን ነው። ያን ሰዓት ዳፑም፣ ጉድጓዱም፣ የማልኩትም ከጭንቅላቴ ወጡ። የሚታየኝ የዲምፕል ጥርስ ብቻ ነው። ነጭ ክር ያለውን ወረወርኩና ቀይ ክር ያለውን አነሳሁ። የሊችማን ግራ እጅ ሳብኩ። አረንጓዴው ሊጥ ወጣ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። የናርፓትን ስም በትንሽ ጣቷ ሥር፣ በሐረጉ ውስጥ አሰርኩት። ቀና ስል ዳፑ በሩ ላይ የለችም። የያዘችው ትሪ ብቻ መሬት ላይ ተቀምጧል።

በሠርጉ ቀን ጠዋት ጠሩኝ። የሊችማ ቀኝ እጅ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላል። ግራዋ ጉበት ነው። አክስቶቿ ከብበዋት ይጨቃጨቃሉ።

«የሚሰጠው ቀኝ እጅ ነው» ትላለች አንዷ። «ሙሽራው የሚይዘው ቀኙን ነው። ፈዟል፤ አለቀ።»

«የሚስት ወገን ግራ ነው» ትላለች ሌላዋ። «ከባሏ በስተግራ አይደል የምትቀመጠው? ጠቁሯል፣ እልል በሉ!»

ኬማ ራም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ሁለቱን እጆች አየ። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ይህን ልናገርለት ይገባል። የገባውን ቃል የሚፈራ ሰው ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ ሱግና፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ። የትኛው ነው የሚናገረው? አንቺ ያልሽውን እቀበላለሁ።»

ዳፑ ከልጇ ኋላ ቆማለች። የልጇን ትከሻ ይዛለች። ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው፤ «ቀኙ ነው»። ማንም አይከራከረኝም ነበር። ዲምፕልም ለማየት መጥታ እዚያው ነበረች፤ እጆቿን አጣጥፋ ግድግዳ ተደግፋለች፣ ፈገግ ብላለች። ቀኙን የእኔ ነው ካልኩ የሻይ አተላ ቀቢ ሆኜ መቅረቴ ነው።

«የእኔ ሂና አይፈዝም» አልኩ። «ቀኟን ውሃ አስነክታዋለች። ልጅ አይደለች? እውነተኛው ግራው ነው።»

ሊችማ ቀና ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ ውሃ አልነካሁም እኮ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ተቆጥታም አልነበረም፣ ግራ ገብቷት ነው።

«ዝም በይ» አሏት አክስቶቿ። እልልታው ቀለጠ። ኬማ ራም የተገላገለ ያህል ተነፈሰ። ዳፑ የልጇን ትከሻ ለቀቀችና ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሊችማ በሁለት ዓይነት እጅ ተዳረች።

ከዚያ ወዲያ ዳፑ ቤቴ አልመጣችም። መንገድ ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ሊችማ በሳምንቷ እናቷን ልትጠይቅ መምጣት ነበረባት፤ ጋቭሪ «ለሚቀጥለው ሳምንት» ብላ አስቀረቻት ሲባል ሰማሁ። ሰምቼ ምን አደረግሁ? ሌላ ሙሽራ ቀባሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የዳፑ ጎረቤት እየሮጠች መጣች። ሊችማ ውሃ ስትቀዳ አዳልጧት ጉድጓድ ገባች አለችኝ። ከዚያ «ዳፑ ሂናሽን ይዘሽ ነይ ብላለች» አለችኝ። እኛ ዘንድ ሬሳ ይቃጠላል፤ ባሏ በሕይወት እያለ የምትሞት ሴት ደግሞ እንደ ሙሽራ ለብሳ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ ነው የምትቃጠለው። ቀይ ክር ያለውን ጥቅል ይዤ ወደ ማዶ መንደር፣ ወደ ጋቭሪ ቤት ሄድኩ።

ስደርስ ፖሊስ መጥቶ ሄዷል። «አዳልጧት» ብሎ ጽፏል። ወንዶቹ ከውጭ ቃሬዛ ያስራሉ፤ ፀሐይ ሳትገባ ማቃጠል አለባቸው። ሴቶቹ ሊችማን አጥበው ቀይ አልብሰዋታል። ግቢው ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

ጋቭሪ ደረቷን ትደቃለች። «ልጄ! እንደ ንግሥት ነበር ያኖርኳት! ሂናዋ እስኪለቅ ሳህን እንኳ አላስነካኋትም!» ትላለች። ልማዱ እንደዚያ ነው፤ አዲስ ምራት ሂናዋ እስኪለቅ ሥራ አትሠራም። እኔ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኬ የሊችማን ግራ እጅ ገለበጥኩ።

የእኔ ጥቁር ሂና ሥራ ያልነካው መዳፍ ላይ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ገና ይታያል። እዚያ መዳፍ ላይ ምንም አልነበረም። በአመድና በብረት ሽቦ ተፍቆ አልቋል፤ ቆዳው ተልጧል፣ የጣቶቿ ሥር ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። የናርፓት ስም የነበረበት ቦታ ቁስል ነው። ጥፍሮቿ ብቻ ናቸው ቀይ የቀሩት፤ ጥፍር የያዘውን ቶሎ አይለቅም። በቀኝ እጇ አንጓ ላይ ደግሞ የአራት ጣት ሰንበር አለ።

ተነሳሁ። «ይህቺ ልጅ ከገባች ማግሥት ጀምሮ ድስት ስትፈትግ ነው የኖረችው» አልኩ። «የእኔ ሂና ነው፣ አውቀዋለሁ። በአሥራ ሦስት ቀን እንዲህ አይሆንም። ሰው ይዟታል፤ ሰንበሩን እዩት! ጋቭሪ፣ ትዋሻለሽ!»

ከበሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ አየኝ። በሊችማ ሠርግ ጠዋት ከኬማ ራም ጋር የገባው አንዱ ነው።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጠቆረው እውነተኛው ነው ያልሽው?» አለኝ። «ሂና ቀቢ ደግሞ መቼ ነው መርማሪ የሆነችው? የመጣሽበትን ሥሪና ሂጂ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ኬማ ራም ከሽማግሌው ኋላ ቆሟል፤ ጥምጥሙ ተላልቶ ግንባሩ ላይ ወርዷል፣ አላስተካከለውም።

ዳፑ ከልጇ ራስጌ ሆና፣ ሳታየኝ፣ «ቀቢያት» አለችኝ። «በአምናው ሳይሆን በአዲሱ።»

«እሺ።»

«ስሙን እንዳትጽፊ።»

እጇ ከድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጣቶቿ አልዘረጋ አሉኝ፤ አንድ በአንድ አሸሁ። ቁስሉ ላይ ሳይነካ ዙሪያውን አበባ አደረግሁ፣ ጣዎስ አደረግሁ። ቀኝ እጇንም በአረንጓዴው ሠራሁ፤ ያን ቀን ልነፍጋት ቃል በገባሁበት በዚያው ቅጠል። እንባዬ ሊጡን እንዳያቀጥነው በክንዴ እጠርጋለሁ። አጎንብሼ እንደሆንኩ፣ ዳፑ ብቻ በሚሰማት ድምፅ፣ «ውሃ አልነካችም። አውቄ ነው የዋሸሁት። ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እዚያው ነበርኩ።»

ብትመታኝ፣ ብትተፋብኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ሊጡን ታያለች።

ወንዶቹ «መሸ» እያሉ ከውጭ ይጣራሉ። ዳፑ «ይድረቅ» ትላለች። ሦስት ጊዜ ጠሩ፣ ሦስት ጊዜ «ይድረቅ» አለች። ከዚያ ራሷ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ ከእንቅልፉ እንዳይነቃ እንደሚደረገው። በሕይወት ያለ እጅ በዚያን ያህል ጊዜ ብርቱካን ያወጣ ነበር። ሂና የሚይዘው በሰውነት ሙቀት ነው፤ ይህን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ግን እስከዚያ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ከሊጡ በታች ቆዳዋ እንዳለ ነው። አበባ የለም፣ ጣዎስ የለም። ሁለቱም እጆች ነጭ ናቸው።

ዳፑ ሁለቱን መዳፎች ይዛ ወደ ባሏ አነሳቻቸው።

«ኬማ ራም» አለች። ባሏን በስሙ ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «ና እይ። የሱግና ሂና ነው፣ አዲሱ ቅጠል ነው። ፈዟል።»

ኬማ ራም አልተንቀሳቀሰም።

«በጥምጥምህ ምለሃል» አለችው። «ሽማግሌው እዚሁ አሉ። ፈዟል፤ ልጄን አልሰጥም።»

ቃሬዛውን የያዙት ወንዶች ገቡ። ዳፑ እጆቹን አለቀቀችም። ሁለት ሴቶች ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያላቅቁ ሞከሩ፤ ካቃታቸው በኋላ ዞረው «አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፣ እርጂን» አሉኝ።